የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲጀመር ሊዘለል የማይገባው የፈንገስ ምርመራ



በማኅበራዊ ጉዳይ ሙያ ላይ የተሰማራን የቤተ እስራኤል ልጆች በየጊዜው ከሚገጥሙን ጉዳዮች መካከል ሰዎች በር ዘግተውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚነግሩን አንድ ጉዳይ አለ። እርሱም ኤች አይ ቪ ነው። ስለ ቫይረሱ በጠቅላላው ብዙ ተብሏል። ዛሬ ልንጽፍ የፈለግነው ግን ብዙ ሰው ስላልሰማው አንድ ትንሽ የደም ምርመራ ነው። ምርመራው ቀላል ነው፤ ጊዜም አይፈጅም። በወቅቱ ከተደረገ ግን ሕይወት ያድናል።

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ስልክ ደወሉልን። "ባለቤቴን ምች መቷቸዋል፤ ዳማከሴ ጨምቄ ሰጠኋቸው፣ አልለቀቃቸውም" አሉን። ባለቤታቸው በ50ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሰው ነበሩ። ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ እንዳለ ያወቁት ከስተውና ሳል ጠንቶባቸው ሆስፒታል ከተኙ በኋላ ነው። መድኃኒቱን ከጀመሩ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። ራስ ምታቱ በየቀኑ እየባሰ ሲሄድ እሳቸው "የሚያመኝ ክኒኑ ነው" ብለው ሊያቆሙት አሰቡ። ወደ ሰፈሩ ኩፓት ሆሊም መሄድም አልፈለጉም፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ነውና።

ነገሩ ምች አለመሆኑን መጀመሪያ ያስተዋለችው ለሰንበት ከጦር ሠራዊት ፈቃድ የመጣችው ልጃቸው ናት። አባቷ በእህቷ ስም ጠሯት፤ ፊታቸው የተቀመጠውንም አንድ ስኒ "ሁለት ነው" አሏት። በዚያው ሌሊት ወደ ሚዩን ወሰደቻቸው። ሐኪሞቹ ያገኙት በሽታ ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ የሚያመጣው የማጅራት ገትር ነበር። መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት ለዚህ ፈንገስ ምርመራ ተደርጎላቸው እንደሆነ ስንጠይቅ አልተደረገላቸውም ነበር። እኚህን ሰው ማንም እንዳይለያቸው ዝርዝሩን ቀይረናል፤ የሆነው ነገር ግን ይኸው ነው።

ፈንገሱ ከየት ይመጣል?

ክሪፕቶኮከስ በዓይን የማይታይ ፈንገስ ነው። በአፈር፣ በዛፎችና በተለይም በርግብ ኩስ ውስጥ ይገኛል። ሰው ሳያውቀው ከአቧራ ጋር በትንፋሹ ያስገባዋል። ብዙዎቻችን በሕይወታችን አንድ ጊዜ ሳንተነፍሰው አልቀረንም። ጤነኛ ሰው የሰውነቱ መከላከያ ፈንገሱን አፍኖ ስለሚይዘው ምንም ሳይሰማው ይኖራል።

እዚህ ላይ ለቤተሰብ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ይህ ፈንገስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ እንጀራ በመቁረስ፣ በአንድ ስኒ ቡና በመጠጣት፣ በመሳሳም ወይም ታማሚውን በማጠብ አይያዝም። የታማሚውን ሳሕንና ብርጭቆ ለብቻ ማስቀመጥ ልቡን ከመስበር በስተቀር ጥቅም የለውም።

ችግሩ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ በጣም ሲደክም ነው። ሐኪሞች ይህን ድካም የሚለኩት ሲዲ 4 በሚባሉት የደም ሕዋሳት ቁጥር ነው። በጤነኛ ሰው ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 በላይ ነው። ኤች አይ ቪ ለዓመታት ሳይታወቅና ሳይታከም ሲቆይ ቁጥሩ ከ200፣ ከዚያም ከ100 በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ታፍኖ የነበረው ፈንገስ ከሳንባ ወደ ደም ይወጣል፤ ከደምም ወደ አንጎልና ወደ አንጎል ሽፋን ይደርሳል።

ይህ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ ነገር አይደለም። ተመራማሪዎች ለ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ግምት መሠረት በዓለም ዙሪያ 152,000 ያህል ሰዎች በዓመቱ በዚህ ማጅራት ገትር ተይዘዋል፤ ከእነዚህም 112,000 ያህሉ ሞተዋል። ይህም ከኤድስ ጋር በተያያዘ ከሚደርሰው ሞት 19 በመቶ ያህሉ ነው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ነው። የበሽታው ምክንያት ግን አገር ወይም ዘር ሳይሆን ዘግይቶ መታወቅ ነው። በየትኛውም አገር ቢሆን ዘግይቶ የታወቀ ሰው ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው።

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ለምን?

ብዙ ሰው "የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከተጀመረ ሰውነት ይበረታል፤ ፈንገሱም በዚያው ይጠፋል" ብሎ ያስባል። በመጨረሻ ሰውነት መበርታቱ እውነት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቸጋሪ ሊሆኑ ይችላሉ።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ሌባ ገብቶበት ሳለ ዘበኛው እንቅልፍ የወሰደው ቤት አለ እንበል። ዘበኛው በድንገት ነቅቶ በጨለማ ከሌባው ጋር ሲተናነቅ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ይሰባበራል። የኤች አይ ቪ መድኃኒትም የተኛውን ዘበኛ ይቀሰቅሰዋል። ፈንገሱ አስቀድሞ አንጎል ውስጥ ገብቶ ከሆነ የነቃው መከላከያ በሚያደርገው ትግል አንጎል ያብጣል፤ ታማሚውም ሊሞት ይችላል።

ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የፈንገሱ ማጅራት ገትር በያዛቸው 177 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናት ነበር። ግማሾቹ የኤች አይ ቪን መድኃኒት በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ ጀመሩ። ከ26 ሳምንት በኋላ ቀድመው ከጀመሩት 55 በመቶ፣ ከቆዩት 70 በመቶ በሕይወት ተገኙ። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት ይህ ማጅራት ገትር የያዘው ሰው ቀድሞ የፈንገሱን ሕክምና እንዲያገኝ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ እንዲጀምር የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ቤተሰብ እንዳይሳሳት አደራ እንላለን። በአጠቃላይ ኤች አይ ቪ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን ቶሎ መጀመር አለበት፤ ለአብዛኛው ሰው መዘግየት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። የሚቆየው ፈንገሱ የተገኘበት ሰው ብቻ ነው፤ የሚወስነውም ሐኪሙ ነው። ሐኪም "ትንሽ ይቆይ" ካለ ሰውየውን ተስፋ ቆርጦበት ወይም ንቆት አይደለም፤ የቤቱን ሌባ አስቀድሞ ለማስወጣት ነው።

ምርመራው ምንድን ነው?

ፈንገሱ ደም ውስጥ ሲገባ አንቲጌን የሚባል ምልክቱን ይተዋል። ይህ ምልክት ራስ ምታት ከመጀመሩ ከሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ከወራት በፊት በደም ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ሳለ አደጋውን ማወቅ ይቻላል ማለት ነው።

ከ2011 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው ምርመራ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለ ቀጭን ወረቀት ነው። ጥቂት ጠብታ ደም ይበቃዋል፤ ውጤቱም በ10 ደቂቃ ይታያል። አንድ መስመር ከታየ ፈንገሱ የለም፤ ሁለት መስመር ከታየ አለ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ስለዚህ ምርመራ መጀመሪያ የመከረው በ2011 ሲሆን፣ በ2018 ደግሞ ምክሩን አጠናክሮ ሲዲ 4 ከ100 በታች የሆነ ሰው ሁሉ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት እንዲመረመር፣ ከ200 በታች ለሆነም ምርመራው እንዲታሰብለት አሳስቧል። መድኃኒቱን አቋርጦ ቆይቶ እንደገና የሚጀምር ሰውም በዚሁ ውስጥ ይካተታል።

ሲዲ 4 ከ100 በታች ከሆኑ 100 ሰዎች መካከል በአማካይ 6 ያህሉ ፈንገሱ በደማቸው ይገኛል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ከእነዚያ ከ6ቱ አንዱ የራሳችን ሰው ሲሆን ግን ትንሽ አይደለም።

ፈንገሱ ከተገኘስ?

በመጀመሪያ ሐኪሙ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ማየትና ስለ ትኩሳት ይጠይቃል። ከዚያም ፈንገሱ አንጎል መድረስ አለመድረሱን ለማወቅ ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ መውሰድ ያስፈልጋል። ምንም ሳያማቸው ፈንገሱ በደማቸው ከተገኘባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ በዚህ ምርመራ አንጎላቸው ላይ መድረሱ ይታወቃል።

አንጎል ካልደረሰ ሕክምናው ፍሉኮናዞል የሚባል ክኒን ነው። መጀመሪያ በከፍተኛ መጠን ይሰጣል፤ ከዚያም እየተቀነሰ ለወራት ይቀጥላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ይጀመራል። ይህ ክኒን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሊጋጭ ስለሚችል፣ ለፅንስም አደጋ ሊኖረው ስለሚችል፣ የምትወስዱትን ማንኛውንም መድኃኒት፣ እርግዝና ካለም እርግዝናውን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ቤት የሚቀመመውንም አትደብቁ።

አንጎል ከደረሰ ግን ሆስፒታል መተኛት ግድ ነው። ለብዙ ዓመታት ሕክምናው በየቀኑ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ኩላሊትን የሚጎዳ ከባድ መድኃኒት ነበር። በአምስት የአፍሪካ አገሮች ማለትም በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ የተደረገና በ2022 የታተመ ጥናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ በከፍተኛ መጠን የሚሰጥ የተሻሻለ መድኃኒት ከሁለት ሳምንት ክኒኖች ጋር ሲሆን ከቀድሞው ሕክምና እንደማያንስ፣ ጉዳቱም አነስተኛ እንደሆነ አሳየ። የዓለም የጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ተቀበለው። እንዲያም ሆኖ በዚያ ጥናት ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ከታከሙት ከአራቱ አንድ ያህሉ በ10 ሳምንት ውስጥ ሞተዋል። ከሕክምናው ይልቅ አስቀድሞ ማወቅ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ስለ ወገብ መርፌው

ከላይ ወደ ጠቀስናቸው አባት እንመለስ። ሆስፒታሉ ስለ ወገብ መርፌ ለማስረዳት ያገኘው አስተርጓሚ የ13 ዓመት ወንድ ልጃቸውን ነበር። ልጁ የአባቱን በሽታ ስም በዚያች ሰዓት ነው የሰማው። "ወገብህን በመርፌ ሊወጉህ ነው" አላቸው፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት ከየት ያመጣል? አባትየው "ሽባ ሆኜ ከምቀር ሞቴ ይሻለኛል" ብለው እምቢ አሉ። በማግስቱ ከእኛ አንዷ ሄዳ በአማርኛ፣ ሰው በሌለበት፣ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ያን ጊዜ ፈረሙ።

እንዲህ ነበር ያለቻቸው። መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰር ካለቀበት ቦታ በታች ነው፤ እዚያ ያለው ፈሳሽ ነው። ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ራስ ሊያም፣ ወገብም ሊደነዝዝ ይችላል፤ ሽባ መሆን ግን እጅግ ብርቅ የሆነ ነገር ነው። በዚህ በሽታ ደግሞ መርፌው ምርመራ ብቻ ሳይሆን ሕክምናም ነው። ፈንገሱ በጭንቅላት ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር፣ ፈሳሹ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ራስ ምታቱም ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀልላል። አንዳንዱ ታማሚ በየቀኑ እንዲወጣለት ያስፈልገዋል።

አባትየው ከሳምንታት በኋላ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ማጅራት እስኪገተር አትጠብቁ

በአማርኛችን በሽታው "ማጅራት ገትር" ይባላል። ስሙ ግን ሊያሳስተን ይችላል። ይህ ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትር ቀስ ብሎ፣ በቀናትና በሳምንታት የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም አንገት ጨርሶ አይገተርም። መከላከያው የደከመ ወይም መድኃኒት በቅርቡ የጀመረ ሰው ከሚከተሉት አንዱን ካሳየ ምች ነው፣ ድካም ነው ወይም ክኒኑ ነው ሳይባል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መድረስ አለበት፦

- በየቀኑ የሚብስ፣ በማስታገሻ የማይለቅ ራስ ምታት
- ትኩሳትና ተደጋጋሚ ማስታወክ
- ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ብርሃን መጥላት፣ ጆሮ መክበድ
- ስም መሳሳት፣ መዘባረቅ፣ የጠባይ መለወጥ፣ ያለ ልክ መተኛት
- መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት

ራሱን የሳተ፣ የተንቀጠቀጠ ወይም የተዘባረቀ ሰው ካለ በ101 አምቡላንስ ጥሩ።

ዳማከሴ የእናቶቻችን እውቀት ነው፤ አንንቀውም። ነገር ግን ዳማከሴ እየተጨመቀ የሚያልፈው ቀን ለፈንገሱ የተሰጠ ቀን ነው።

ምርመራው ብቻውን አይበቃም

እንደ ማኅበራዊ ሠራተኞች እጅግ ልባችንን የነካው በታንዛኒያና በዛምቢያ የተደረገ ጥናት ነው። በ2015 የታተመው ይህ ጥናት በዳሬሰላምና በሉሳካ ሲዲ 4 ከ200 በታች የሆኑ 1,999 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። ለሌሎቹ ሁለት ነገር ተጨመረላቸው። አንደኛው የፈንገሱ የደም ምርመራ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ፣ ነገር ግን የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በየሳምንቱ ታማሚውን እየጎበኙ መድኃኒቱን በትክክል መውሰዱንና የሚያመው ነገር መኖሩን መጠየቃቸው ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከተለመደው ሕክምና ወገን 18 በመቶ፣ ከሁለተኛው ወገን 13 በመቶ ሞተው ተገኙ። ሞት በ28 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው።

ወረቀቷና በር አንኳኩቶ "እንዴት አደርክ? ራስህን ያምሃል?" የሚል ሰው አንድ ላይ ሆነው ነው ይህን ውጤት ያመጡት። እኛ ደግሞ በባህላችን የታመመ መጠየቅ እናውቃለን። ለዚህ በሽታ ግን ጥየቃው ይቀራል፤ ምክንያቱም በሽታው ይደበቃልና።

ለምን እንደብቃለን?

ምክንያቱን ከራሳችን ታሪክ ውጭ ልንፈልገው አይገባም። በጥር ወር 1996 (እ.ኤ.አ.) ማዓሪቭ ጋዜጣ የደም ባንኩ ከኢትዮጵያ ከመጡ ወገኖች የተለገሰውን ደም በስውር ይጥል እንደነበር ገለጠ። በዚያው ወር በሺህ የሚቆጠር ሕዝባችን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፎ ጮኸ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። ያን ቀን የቆሰለ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ በኤች አይ ቪ ስም የሚነገር ነገር ሁሉ በሕዝባችን ላይ የሚነገር ስድብ መስሎ ተሰማን። ቁጣችን ትክክል ነበር። ዝምታው ግን የገዛ ወገኖቻችንን ጎዳ፤ ሰው እንዳይመረመር፣ ተመርምሮም እንዳይናገር አደረገ። ዘግይቶ የሚመጣው ሰው ሲዲ 4ቱ ወርዶ የሚመጣው በዚህ ነው።

እውነቱ ይህ ነው። ዛሬ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ፣ ቫይረሱም በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለማንም አያስተላልፍም፤ ረጅም ዕድሜም ይኖራል። አፍረን የምንደብቀው በሽታ ቢደረስበት የሚታከም በሽታ ነው።

ምን እናድርግ?

በእስራኤል የኤች አይ ቪ ሕክምና የሚሰጠው በሆስፒታሎች ውስጥ ባሉ የኤድስ ማዕከላት ነው። መድኃኒት ለመጀመር የምትሄዱ ወይም ሰው የምታጅቡ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዛችሁ ግቡ፦ "የሲዲ 4 ቁጥሬ ስንት ነው?" እና "ከ200 በታች ከሆነ የክሪፕቶኮከስ አንቲጌን ምርመራ ተደርጎልኛል ወይ?" የምርመራው ስም በዕብራይስጥም ያው ስለሆነ ሐኪሙ ይረዳችኋል። ኢትዮጵያ ውስጥ መድኃኒት ሊጀምር ያለ ዘመድ ካላችሁም እነዚህኑ ጥያቄዎች በስልክ ንገሩት።

አስተርጓሚ ጠይቁ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ሕክምናን ለታማሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ ያዛል። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ሸክሙ ለልጅ ትከሻ አይደለም። ምስጢራችሁም በ1996 በወጣው የታማሚ መብት ሕግ የተጠበቀ ነው። እኛም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ምስጢር የመጠበቅ የሕግ ግዴታ አለብን።

ክኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ካመማችሁ ደውሉና ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያንስ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅላችሁ። ይህ ሰው ሐኪም መሆን የለበትም። በየቀኑ "ራስህን ያምሃል?" ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱም ካላማረው ተነሥቶ የሚወስድ ሰው ይበቃል። ያቺ ልጅ አባቷን ያዳነችው ስለ ፈንገስ አውቃ አልነበረም። አጠገባቸው ተቀምጣ ስላየቻቸው ነው።

ጤናችሁን ይጠብቅልን።